ሰሞኑን ስላየናቸው ፊልሞች፤ ገመናው የማን ነው?

አንድ ሰው ከሲኒማ ቤት ሲወጣ «ፊልሙ እንዴት ነበር?» ብለው ቢጠይቁት መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት ቃል አይበልጥም። ወይ «ጥሩ ነው» ይላል፤ ወይም «አይረባም» ብሎ ኮቱን ቆልፎ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ያመራል። ከውጭ አገር ለሚመጡት ለብዙዎቹ ፊልሞች ይህ አጭር ፍርድ ይበቃቸዋል። የሽጉጥ ተኩስና የመኪና እሽቅድምድም ረዥም ሐተታ አይፈልግም። ስለ ራሳችን አገር የተሠራ ፊልም ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ተመልካቹ ሁሉ በድንገት ዳኛም፣ ምስክርም፣ ባለጉዳይም ይሆናል። «እንዲህ ዓይነት ቀሚስ በዚያ አገር አይለበስም» የሚል ይነሣል፤ «እኔ እዚያ ነው ያደግሁት፣ ይለበሳል» የሚል ይመልስለታል፤ ፊልሙም በዚህ መካከል ይረሳል።

እኛም ጥቂት የሥራ ባልደረቦችና ገና ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ወዳጆች ሆነን፣ ሰሞኑን በየቅዳሜው ማታ በአንድ ጓደኛችን ቤት ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ እየወጠርን አራት ፊልሞች ተመለከትን። አራቱንም የሠሯቸው ከዚህች አገር ምድር የበቀሉ ሰዎች ናቸው፤ አራቱም በውጭ አገር የፊልም በዓላት ላይ ታይተው ስማቸው ተጠርቷል። አዲስ አይደሉም፤ ለአብዛኞቻችን ግን አዲስ ነበሩ። ስማቸውን ከዓመታት በፊት ሰምተን፣ መሸለማቸውን አንብበን፣ ሳናያቸው ስናወራላቸው ቆይተናል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአገራችን አቆጣጠር ናቸው።)

በአራቱም ቅዳሜዎች አንድ ንግግር ሳይነሣ የቀረበት ማታ የለም። ይኸውም «ገመናችንን ለፈረንጅ አሳዩብን» የሚለው ነው። ቃሉ የዋዛ አይደለም። ገመና ማለት የቤት ውስጥ ጉድለት፣ ለባዕድ የማይነገር ነገር ነው፤ በአገራችን ሰውን ከሚያስመሰግኑት ጠባዮች አንዱ ገመና ሸፋኝ መሆን ነው። ስለዚህ የቅሬታውን አባት ጓደኛችንን ልንስቅበት አልፈለግንም። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ለአገሩ ስም የሚቈረቈር፣ ከውጭ አገር እንግዶች ጋር ሲገናኝ ስለ ረኀብ ብቻ ተጠይቆ የመረረው ሰው ነው። ክርክሩን ግን እስከ መጨረሻው አልተውንለትም።

መጀመሪያ ያየነው «ላምብ» የተባለውን ነው፤ ጠቦት ማለት ነው። ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው ሲሆን፣ በ2007 ዓ.ም. በካን የፊልም በዓል በይፋ ከተመረጡት መካከል የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ኤፍሬም የሚባል እናቱ የሞተችበት ልጅ፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከዘመድ ቤት ይቀራል። ከእርሱ ጋር ያለችው ጩኒ የምትባል በጉ ብቻ ናት። አጎቱም በዓል ሲቃረብ በጓን ለዕርድ ያስባታል። ልጁ ማረስ አይሆንለትም፤ ወጥ መሥራት ግን እጁ ነው። ሳምቡሳ እየጠበሰ ገበያ አውጥቶ ይሸጣል፤ ለመመለሻ የሚሆነውን ገንዘብ ያጠራቅማል። አጎቱ ይህን ሲያይ የሚሰማውን ኀፍረት፣ የአገራችን ሰው ማንም ይሁን ማን፣ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

የ«ላምብ» ተራራዎች እጅግ ያማሩ ናቸው። እንዲያውም ትንሽ አበዙት እንላለን፤ አንዳንድ ጊዜ ልጁን ትተን ተራራውን እንድናይ የተጋበዝን ይመስላል። አንዲት የሕክምና ተማሪ ጓደኛችን «ይህ ለቱሪስት የተሠራ የቀን መቁጠሪያ ነው» አለች። ፍርዷ በዛ። ጽዮን የምትባለውን የአጎቱን ልጅ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ጽዮን የቤተሰቡ ነቀፋ ሳይበግራት ጋዜጣ የምታነብ ልጃገረድ ናት። በጋዜጣ አምድ ላይ ለምንጽፍ ሰዎች ከዚህ የበለጠ ተወዳጅ ገጸ ባሕርይ ከየት ይመጣል? የበጓን መጨረሻ አንናገርም። ቅሬታ አቅራቢው ጓደኛችን በዚያ ማታ ብዙ አልከፋውም ነበር፤ «ቢያንስ አገሩ አረንጓዴ ነው» ብሎ ሄደ።

በሁለተኛው ቅዳሜ «ጤዛ» መጣ። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን ለተማሪዎች ማስተዋወቅ አያስፈልግም ይሆናል፤ ጎንደር ተወልዶ፣ አሜሪካ ተምሮ፣ በዋሺንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመት ያስተማረ የፊልም ሰው ነው። «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት፣ በ2001 ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልሞች በዓል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ርዝመቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ሻይ ለማፍላት የተነሣ ሰው ሲመለስ በሌላ አገርና በሌላ ዘመን ውስጥ ያገኘዋል።

አንበርብር ሐኪምና ተመራማሪ ለመሆን ጀርመን አገር የተማረ ሰው ነው። በ1982 ዓ.ም. ገደማ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተቈራርጦ፣ በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። እናቱ ጠበል ታስጠምቀዋለች። የመንደሩ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። እርሱ ግን ወደኋላ ይሄዳል፤ ጀርመን አገር በተማሪዎች ስብሰባ ስለ አብዮት የተከራከረበትን ሌሊት፣ ጓደኛው ተስፋዬ አዲስ አበባ ውስጥ የተገደለበትን ቀን፣ በጀርመን ዘረኞች እጅ የወደቀበትን ሰዓት እየቈራረጠ ያያል። ፊልሙም እንደ እርሱ ትዝታ የተቈራረጠ ነው። ይህን አንዳንዶቻችን እንደ ጉድለት ቈጠርነው። እኛ ግን ልክ ነው እንላለን። እንዲህ ያለ ሰው ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ በሥርዓት ቢተርክልን አናምነውም ነበር።

ይሁን እንጂ «ጤዛ» ላይ አንድ ቅር የሚለን ነገር አለ። ሰዎቹ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ በራሪ ወረቀት ይናገራሉ። የጀርመኑ ስብሰባ ላይ ይህ ትክክል ነው፤ ያ ትውልድ እንደዚያ ይናገር እንደ ነበር ከታላላቆቻችን ሰምተናል። በመንደሩ ውስጥ ሲሆን ግን ጆሮ ይቈረቍራል። ከቃሉ ሁሉ ይልቅ የእናትዮዋ ፊት ብዙ ይናገራል። የልጇን አለመናገር እያየች፣ ምን እንደ ደረሰበት ሳትጠይቀው፣ እንጀራ የምታቀርብለት እናት ለኛ እንግዳ አይደለችም።

እዚህ ላይ የገመናው ክርክር ጠነከረ። «ያ ዘመን አልፏል፤ ቍስሉን ለምን ይነካኩታል?» አለ ጓደኛችን። ከመካከላችን አንዱ፣ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ የሚቀመጥ የታሪክ ተማሪ፣ «የእኛ ቤት ግድግዳ ላይ ያጎቴ ፎቶግራፍ አለ፤ እንዴት እንደ ሞተ ግን እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም» አለ። ሌላ አልጨመረም። በየቤቱ እንደዚህ ያለ ፎቶግራፍ አለ። ልጆች የሚያድጉት በፎቶግራፉ ሥር ነው፤ መጠየቅ ግን ነውር ነው። ገመናውን ሸፍነው ያቆዩት ወላጆች ይህን ያደረጉት በፍርሃትና በሐዘን እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን የተሸፈነው ከፈረንጅ ብቻ ሳይሆን ከልጆቻቸውም ነው።

ሦስተኛው «ድፍረት» ነው፤ ስለዚህኛው ረዘም አድርገን መናገር እንፈልጋለን። አዘጋጁ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስና በበርሊን ሁለቱም ቦታ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል፤ የሆሊውዷ ተዋናይት አንጀሊና ጆሊም ስሟን አውሳለታለች። ርእሱ ራሱ ትልቅ ሐሳብ ነው። በቋንቋችን ድፍረት ጀግንነት ነው፤ ድፍረት ደግሞ ሴትን በኃይል መድፈር ነው። አንዱ ቃል ሁለቱን ይዟል። ይህን ርእስ ወደ ሌላ ቋንቋ ማንም በአንድ ቃል ሊመልሰው አይችልም።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰዎች በፈረስ ተከትለው ጠለፏት። ጠላፊው ሊያገባት ፈልጎ ነው። በኃይል ከደፈራት በኋላ ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ሲከተላትም ተኩሳ ገደለችው። በሰው መግደል ተከሰሰች። ያን ጊዜ ገና በተቋቋመው የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ውስጥ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጉዳይዋን ያዙላት፤ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎም በነፃ ተለቀቀች። ወይዘሮ መዓዛ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙት ናቸው። በፊልሙ ላይ ልጅቱ ሂሩት ተብላለች። (የመጀመሪያው ረዥም የኢትዮጵያ ፊልም በ1957 ዓ.ም. የታየው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው የስሙ መገጣጠም ያስገርማል።) ጠበቃዋን መሮን ጌትነት፣ ሂሩትን ትዕግሥት በተሞላበት ዝምታ ትዝታ ሐጎስ ሆና ሳይሆን ትዝታ ሐገሬ ተጫውተዋቸዋል፤ ይህን የምንለው ስሟን ብዙ ሰው ሲያሳስተው ስለ ሰማን ነው።

ከፊልሙ ሁሉ የማንረሳው ሽማግሌዎቹ በዛፍ ሥር የተቀመጡበትን ነው። አንዱ ሲነሣ ሌላው ያዳምጣል፤ ማንም ማንንም አያቋርጥም፤ ምሳሌው ይወርዳል፣ የሟች ወገንም፣ የልጅቱ አባትም በየተራ ይደመጣሉ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ስብሰባ በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ብናገኝ ምንኛ በታደልን! ግን እዚያ ስለ ልጅቱ ሲመከር ልጅቱ የለችም። ስለ ደም ካሣ፣ ስለ ጎሣ ሰላም፣ ስለ መሬት ይነገራል፤ እርሷ ቀዬውን ትልቀቅ ይባላል፤ ምን እንደ ደረሰባት ግን ከራሷ አፍ የሚሰማት የለም። አዘጋጁ ሽማግሌዎቹን ክፉ አላደረጋቸውም፤ ትልቁ ብልኀቱ ይህ ነው። አጎቶቻችንን ይመስላሉ።

ጓደኛችን በተለመደው ቃሉ ገና ሲጀምር፣ ፍርድ ቤት የምትሠራው ባልደረባችን አቋረጠችው። «ቆይ፤ ገመና ሸፋኙ ማን እንደ ነበር ልንገርህ» አለችው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ከቅጣት እንዲድን በር ይከፍት ነበር። ሕጉ ራሱ ነጠላውን ዘርግቶ ጥፋቱን ሸፈነ ማለት ነው። ልጅቱ ሚስት ከተባለች ወንጀሉ ሠርግ ሆነ። ይህ በር የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው በአዲሱ የወንጀል ሕግ ነው፤ በአንቀጽ 587 መሠረት ለጋብቻ ብሎ ሴትን በኃይል የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ የተደረገ ጋብቻም አያድነውም። በሁለቱ ሕጎች መካከል ወደ 50 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ። «በነዚያ ዓመቶች የተሸፈነው የአገር ገመና ነው ወይስ የጠላፊው?» ብላ ጠየቀችው። መልስ አልሰጠም፤ ሻዩን አማሰለ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም፤ እርሷም እንዲያበቃ አልፈለገችም። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ አዲስ አበባ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አቤቱታ ካቀረቡት መካከል ታሪኩ የደረሰባት ያችው ልጅ፣ አሁን ትልቅ ሴት ሆና፣ ነበረች። የሕይወት ታሪኬ ያለፈቃዴ ፊልም ተሠራበት አለች።

ይህን ስንሰማ ከመካከላችን ፊልሙን በጣም የወደዱት ዝም አሉ። ፊልሙ ስሟን ለውጧል፤ ይህ እውነት ነው። ዋናው ባለታሪክም ከልጅቱ ይልቅ ጠበቃዋ ናት፤ ካሜራው በብዛት የሚከተለው መዓዛን ነው፤ የምትሮጠው፣ የምትከራከረው፣ በር የምታንኳኳው እርሷ ናት። ሕግን ለተማሩ ወጣቶች ይህ ልብ የሚያሞቅ ነው። ግን ፊልሙን አንድ ጊዜ ተመልሰን ስናስበው፣ ሂሩት የምትናገራቸውን ዐረፍተ ነገሮች በጣት መቍጠር የሚቻል መስሎ ታየን። ሽማግሌዎቹ በሌለችበት መከሩባት፤ ፊልሙም፣ ምንም ለመልካም ቢሆን፣ ከአጠገቧ አልፎ ታሪኳን ለዓለም ነገረ። የሸፈኑትም የገለጡትም እርሷን ሳይጠይቁ ከሆነ፣ በዚያ ዛፍ ሥር የጐደለው ወንበር በሲኒማ ቤቱም ጐድሏል።

እንግዲህ «ድፍረት» ባይሠራ ይሻል ነበር ወይ? አይደለም። እኛ ተገቢ ፊልም ነው፣ መታየትም አለበት እንላለን፤ ከአራቱ ውስጥ የመጀመሪያውን ቦታ የምንሰጠውም ለእርሱ ነው። ነገር ግን «ገመናችን» የሚለውን ቃል ስንጠቀም ያ «ችን» የሚለው ፊደል ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥቃቱ ሲደርስባት ብቻዋን ነበረች። የክሱ ወረቀት ላይ የነበረው ስም የእርሷ ብቻ ነበር። ታሪኩ በርሊን ሲደርስ ግን ሁላችንም ባለቤቶቹ ሆንን፤ ግማሾቻችን አፈርንበት፣ ግማሾቻችን ተሸለምንበት።

ስለ አራተኛው ባጭሩ እንለፍ። «ፋያ ዳዪ» በ2013 ዓ.ም. የወጣ፣ ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር ለዐሥር ዓመት ያህል እየተመላለሰች የሠራችው ጥቍርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም ነው። ስለ ጫት ነው ይሉታል፤ ስለ ጭስ፣ ስለ ጸሎትና በጨለማ ስለሚነገር ሹክሹክታም ነው። ጫቱ ሲቈረጥ፣ ሲታሰር፣ በጆንያ ሲጫን እናያለን፤ ወጣቶቹ ባሕር አቋርጦ ስለ መሄድ ሲነጋገሩ እንሰማለን። ሥዕሉ ከአራቱም ይበልጣል። ፍጥነቱ ግን የጫት ቃሚ ፍጥነት ነው፤ ሁለት ጓደኞቻችን መካከሉ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ አንደኛው ሲነቃ ምንም ያመለጠው እንደሌለ በኩራት ተናገረ። እኛ አልተኛንም፤ ሰዓታችንን ግን ሁለት ጊዜ አይተናል።

የሚገርመው በዚህኛው ማታ ስለ ገመና የተናገረው ያ ጓደኛችን አልነበረም። የሕክምና ተማሪዋ ናት፤ የአባቱ መቃም ያስመረረውን ልጅ አይታ «ይህ ልጅ አባቱ ይህን ፊልም ቢያይ ምን ይለዋል?» አለች። ጓደኛችን ወደ እርሷ ዞሮ፣ «ልጁን ጠይቀውት ይሆናል፤ ፊቱን ወደ ካሜራው አድርጎ የተናገረው ራሱ ነው» ብሎ መለሰላት። ከአራት ሳምንት በፊት ይህን ከእርሱ አፍ እንሰማለን ብለን አልጠበቅንም። ወዲያው ግን፣ ምናልባት ፈገግ ስላልን፣ «ቢሆንም ጫቱን ባያበዙት ጥሩ ነበር» ብሎ ጨመረበት።

ለሚመጣው ቅዳሜ ምን እንይ የሚለው ገና አከራካሪ ነው። ግማሾቻችን ኃይሌ ገሪማ በ1985 ዓ.ም. ስለ ባሪያ ንግድ ያወጣውን «ሳንኮፋ»ን ፈልገን ነበር። የቀሩት ደግሞ አራት ቅዳሜ ሙሉ አዝነናል፣ አሁን ሠርግ ያለበት የአዲስ አበባ ኮሜዲ ይምጣልን አሉ። ድምፅ ተሰጠ፤ ኮሜዲው በአንድ ድምፅ አሸነፈ። ያችን አንድ ድምፅ ማን እንደ ሰጠ ቤቱ ሁሉ ይጠይቃል፤ የምንናገረው ነገር የለም።